ቀይ ፀጉር ያየ ይመለሳል

ለቅርብም ለሩቅም ይነገር፤ ማክሰኞ ጠዋት በባሊናሮን ባሕሩ ሸሸ።

ሰኞም ሸሽቶ ነበር፤ ረቡዕም እንደሚሸሽ የተጠራጠረ የለም። የወንዙን አፍ ጭቃ አድርጎ፣ ጀልባዎቹን በጎናቸው አስተኝቶ ሄደ፤ ከዚያ ሐሳቡን እንደለወጠ ሰው ቀስ እያለ ተመለሰ። በዚህ የአየርላንድ ዳርቻ ሰው ሁሉ የሚነቃውም የሚወጣውም በውሃው ልክ ነው። ውሃው ሲመለስ ዓሣ አጥማጁም አስጎብኚውም በአንዲት ጠባብ መንገድ ወደ አንድ የጀልባ መውረጃ ይወርዳሉ። ሌላ መንገድ የለም። ሌላ መንገድ ቢኖር ኖሮ የሚወራ ነገርም አይኖርም ነበር።

ሙረን በሚያዝያ ወር ከደብሊን የመጣች አስጎብኚ ናት። እንግዶችን ካያክ በሚባሉት ጠባብ ጀልባዎች አስቀምጣ፣ መቅዘፊያ አስይዛ፣ ወንዙ ከባሕር እስከሚገናኝበት ትወስዳቸዋለች፤ ወፍ ታሳያለች፣ ዓሣ ታስጠምዳለች። ፀጉሯ ቀይ ነው። ቀይ ሲባል ቀላ ያለ ማለት አይደለም፤ ከወዲያኛው ዳርቻ ሆኖ ጭጋግ ውስጥ የሚታይ ቀይ ነው።

በመጣች በማግስቱ ሁለት ሰዎች መረብ ተሸክመው ሲወርዱ አገኘቻቸው፤ ሽማግሌው ኮርማክና ልጁ ፊያክራ። ሽማግሌው ፀጉሯን አየና ቆመ። ከዚያ ዞሮ ሽቅብ ወደ ቤቱ ሄደ።

«ምን አደረግኩ?» አለች ሙረን።

«አንቺ ምንም። ፀጉርሽ ነው» አለ ፊያክራ መረቡን ትከሻው ላይ እያስተካከለ። «ወደ ጀልባ የሚወርድ ሰው መንገድ ላይ ቀይ ፀጉር ሴት ካገኘ ይመለሳል። ያን ቀን ባሕር አይገባም። የቆየ ደንብ ነው።»

«እኔና ፀጉሬ ተለያይተን ወጥተን አናውቅም እኮ።»

«እያየሁት ነው» አለ። እያየም ቆየ። ፀጉር ለማየት ከሚበቃው ጊዜ ትንሽ በለጠ።

በማግስቱም ተገናኙ። ሙረን ጸጸት ይዟት በሌላ ቀን ማልዳ ወረደች፤ አባትና ልጅም ማልደው ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ ሆን ብላ ዘገየች፤ ፊያክራ መታጠፊያው ላይ ተንበርክኮ የጫማውን ክር ሲያስር ደረሰች። የተጫማው ክር የሌለው የጎማ ቦት መሆኑን ያስተዋለችው አልፋው ከሄደች በኋላ ነው። ለማንም አልተናገረችም። ለራሷም ቢሆን በለሆሳስ ነው የነገረቻት።

ከመንገድ የተመለሰ ሰው እጁን አጣጥፎ መቀመጡ ነውር ስለሆነ፣ ፊያክራ ካያኮቹን ያወርድላት ጀመር። ካያክ ያወረደ ሰው ደግሞ ዳር ቆሞ መቅረቱ ስላላማረው፣ በሁለት ሰው ካያኳ ከፊቷ ተቀመጠ። «ለሚዛን ነው» አለ። ለእንግዶቹ ማኬሬል የሚባለውን ዓሣ በእጅ ክር ማጥመድ አስተማራቸው። ለእሱ የሚደርሰውን ዓሣ ማታ ለአባቱ ይጠብስለታል። ኮርማክም ደንቡ ስለ ካያክ የሚለው ነገር እንደሌለ ካሰላሰለ በኋላ፣ በድንችና በቅቤ ይበላዋል።

አንድ ቀን እንግዶቹ ከኋላ ክር ተተብትቦባቸው ሲሳሳቁ፣ ሙረንና ፊያክራ ቀድመው በወንዙ አፍ ያለው አሸዋ ጋ ደረሱ። ሲል የሚባሉት ፂማም የባሕር ውሾች ሆዳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ ሰርግ በልተው እንደመጡ አጎቶች ተጋድመዋል።

«ፊት ለፊት አትያቸው» አለች ሙረን በሹክሹክታ። «በጎን ነው። ትክ ብለህ ካየሃቸው ውሃ ይገባሉ።»

«እስከ መቼ ነው በጎን?»

«እስኪለምዱ።»

«መልመዳቸው በምን ይታወቃል?»

«አይሸሹማ» አለች። «አንዳንዱ ከሚያዝያ ጀምሮ ለምዷል።»

ፊያክራ መቅዘፉን ተወ። ውሃው ካያኳን እንደፈለገ ያዞራት ጀመር። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት ከባሕር ውሾቹ አንዱ አስነጠሰ። አፉን ዘጋ።

«በፀጉሩ ነገር ታምናለህ?» አለችው።

«እኔ? ኧረ እኔ አላምንም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው በየቀኑ የምትመለሰው?»

«አባዬ ያምናል። ሽማግሌ ማስቀየም አይሆንልኝም።»

ከኋላው ስለተቀመጠች ፊቱን አላየችም። ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

ሐምሌ ሲጋመስ ሙረን ዳቦ ልትገዛ ሱቅ ገባች። ባለሱቋ ብሪጅ ወሬ የምትሰጠው ዳቦውን ይዛ፣ እስክትጨርስ ሳትለቅ ነው።

«ኮርማክ ጀልባዋን ሊሸጣት ነው» አለች። «ጭቃ ላይ እየተኛች የምትውል ጀልባ ምን ታደርግልኛለች አለ። ትሸጣለች የሚል ሰሌዳም ሰቅሎባታል። ልጁም ኖርዌይ ሊሄድ ነው አሉ፣ ዓሣ እርባታ።»

«ሰሌዳ? በየቀኑ አልፋለሁ፤ አላየሁም።»

«በጭቃው በኩል ነው የሰቀለው።»

«በጭቃው በኩል ማን ያነበዋል?»

«ጭቃው ላይ የሚቆመው ሽመላ» አለች ብሪጅ፣ ፊቷ ሳይፈታ። «የሚገዛ ሽመላ ግን እስካሁን አልመጣም።»

ለሙረን ሳቅ አልመጣላትም። ፀጉሯን ብትደብቀው ፊያክራ ከአባቱ ጋር ባሕር ይገባል፤ ጠዋት ጠዋት ከፊቷ የሚቀመጥላት ሰው አይኖርም። ባትደብቀው ጀልባዋ ትሸጣለች፤ ያኔ ጠዋቱም ሰውየውም የሉም። ጠዋቱ ይቅር አለች በሆዷ።

«የፀጉር ቀለም አለሽ?»

«ጥቁር ብቻ። ለመበለቶች ነው የማመጣው።» ብሪጅ ዳቦውን ለቀቀችላት። «ማን ሞተብሽ?»

«እስካሁን ማንም።»

ብሪጅ ቀለሙን በወረቀት ስትጠቀልል ብዙ ጊዜ ወሰደባት። እንድትተወው ልትነግራት የፈለገች ትመስል ነበር፤ ግን ነጋዴ ናት።

እንግዲህ ባሕሩ የሸሸበት ያ ማክሰኞ ይህን ይመስላል። ውሃው ሲመለስ ሙረን አንድ ጀርመናዊና ሚስቱን አስከትላ ወረደች። ፀጉሯ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ጆሮዋ ጫፍ ላይም ያልለቀቀ ቀለም አለ።

አባትና ልጅ መረባቸውን ተሸክመው ከመታጠፊያው ብቅ አሉ። ሁለቱም ቆሙ።

«እንደምን አደራችሁ» አለች ሙረን፣ ድምጿን ቀለል ልታደርገው እየሞከረች። «ዛሬ መንገዱ ክፍት ነው። በሰላም ግቡ።»

ኮርማክ ጉሮሮውን ጠረገ። ሲያወላውል የታየው ያን ቀን ብቻ ነው። ትከሻውን አሸት አሸት አደረገ፤ ባሕሩን ከልቡ ሳይሆን ለወጉ አየው።

«እንግዲህ…» አለ። «የሚከለክለን የለም። እንውረድ።»

ፊያክራ አልተንቀሳቀሰም። ጥቁሩን ፀጉር አየ፤ የቆሸሸውን ጆሮዋን አየ፤ ከዚያ ዓይኖቿን አየ፣ በጎን ሳይሆን ትክ ብሎ። ሙረንም አልሸሸችም።

«አባዬ፣ ዛሬ አንወጣም» አለ።

«ለምን?»

«ቀይ ፀጉር ሴት አገኘን።»

ጀርመናዊው ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ የሙረንን ራስ አየች። ማንም አላስረዳቸውም።

«ጥቁር ነው እኮ» አለች ሙረን ቀስ ብላ። «ላንተ ብዬ ነው ያጠቆርኩት። ጀልባዋ እንዳትሸጥ። እንዳትሄድብኝ።»

«ያ ቀለም እኔ ላይ አልያዘም» አለ ፊያክራ። መረቡን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠው። «የትም አልሄድም።»

አሁን የቀረው ሽማግሌው ነበር። ኮርማክ ወደ ሙረን ጠጋ አለ። ገበያ ላይ በሬ እንደሚመርጥ ሰው ጭንቅላቱን አዘንብሎ፣ በግራም በቀኝም ዞሮ፣ ያን የመበለት ጥቁር ፀጉር ከሥር እስከ ጫፍ መረመረው።

«ቀይ ናት» አለ በመጨረሻ። «እንዲያውም ከሰሞኑ ብሶባታል።»

ከዚያ ዞረ። ወደ ቤቱ ግን በቀጥታ አልሄደም። ውሃው ገና ያልደረሰበትን ጭቃ በቦቱ እየረገጠ ጀልባዋን በወዲያኛው ጎኗ ዞራት፤ ሽመላው ቅር እያለው ቦታ ለቀቀለት። ሚስማር ሲነቀል ተሰማ። ኮርማክ ሰሌዳውን በብብቱ ሸጉጦ ተመለሰና፣ ማንንም ሳያይ በአጠገባቸው አልፎ ሽቅብ መንገዱን ያዘ።