የፈርሂያን ኮምፒውተር ማን ነካው?

ኮምፒውተሩ ሰኞ ጠዋት ሞቶ ተገኘ።

ፈርሂያ ይማም ማብሪያውን ተጫነችው። ማራገቢያው ተሽከረከረ። ትንሿ መብራት በራች። ከዚያ ከሆዱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ስክሪኑ ግን እንደጠቆረ ቀረ።

አጠፋችው። አበራችው። ያው ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ሦስተኛው ሙከራም ከሁለቱ አልተሻለም።

ስድስት ዓመት ኩዌት ውስጥ የሰው ቤት ስትወለውል የኖረች ሴት ናት። ከተመለሰች ገና ሁለት ወሯ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ አባቷ በተዉላት መንገድ ዳር ቦታ ላይ አንዲት ክፍል አለች፤ እሷን ቀለም ቀብታ «ፈርሂያ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ታፔላ ሰቀለችባት። ኮምፒውተሩ ባለፈው ሳምንት ከደሴ የተገዛ ነው። ቅዳሜ ተገጥሞ ሲሠራ ውሏል። ዛሬ ሱቋ ሥራ የሚጀምርበት ቀን ነበር፤ በር ላይ ሁለት ገበሬዎች ማመልከቻ ሊያስጽፉ ቆመው ነበር። ጢጥታውን ሰምተው እርስ በርስ ተያዩና ሄዱ።

ታላቅ ወንድሟ አህመዲን አጠገቧ ነበር። ካርቶኑን ከመናኸሪያ ድረስ በትከሻው ተሸክሞ ያመጣው እሱ ነው፤ ለወዛደር አላስነካም።

«አያ፣ ምን ሆነብኝ?» አለችው።

«ምን ይሆናል፤ ነክተውብሽ ነዋ! ያ ንጉሡ የሚሉት ጠጋኝ ቅዳሜ ሲጎረጉረው አልዋለም? በዚህ ሰፈር ጽሕፈት የሚጽፈው እሱ ብቻ ነበር። አሁን አንቺ መጣሽበት። ሌባ ከሩቅ አይመጣም፣ እህቴ። ሂጂና ለፖሊስ አመልክቺ።»

እውነት መሰላት። ወንድሟ ነዋ የነገራት። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ገሰገሰች።

ሳጅን የኔአለም የከላላ ልጅ ናት። ቁመቷ አጭር ነው፤ ንግግሯ ደግሞ ከቁመቷም ያጠረ።

«ምን ተሰረቀ?»

«አላውቅም።»

«በሩ ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም።»

«ታዲያ ሌባው ምን አደረገ?»

«ኮምፒውተሬን ገደለብኝ። ንጉሡ ነው።»

ሳጅኗ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ልትስቅ ፈልጋ የሴትዮዋን ፊት አየችና ተወችው።

«መልካም» አለች። «ገዳይ የተባለውን እናምጣውና ሬሳውን እሱ ራሱ ይመርምርልን። እኔ እጁን አያለሁ።»

ንጉሡ ካቻቪቴውንና ላፕቶፑን ይዞ ፈርሂያ ሱቅ መጣ፤ ፊቱን አኮሳትሮ።

«ቅዳሜ ‹ንጉሥዬ፣ እግዜር ይስጥህ› ተባልኩ፤ ሰኞ ሌባ ሆንኩ። ዓለም እንዲህ ናት።»

«ሥራህን ሥራ» አለችው ሳጅኗ።

ሠራ። መጀመሪያ ሶኬቱ ላይ የስልኩን ቻርጀር ሰካ፤ መብራት አለ። ስታቢላይዘሩን አልፎ ኮምፒውተሩን በቀጥታ ሰካው፤ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቅሎ መልሶ ሰካ፤ ለውጥ የለም። ስክሪኑን ከራሱ ላፕቶፕ ጋር አገናኘው። ፏ ብሎ በራ።

«ስክሪኑ ንጹሕ ነው» አለ።

ሳጅኗ ንጹሕ ብላ ጻፈች።

«ይሄ ጩኸት አለ አይደል? ኮምፒውተር ሲነሣ መጀመሪያ አካሉን ይቆጥራል። አንዱን ሲያጣው ይጮኻል። መክፈት አለብኝ።»

ሳጥኑን በጎኑ ሲያዞረው እጁን ሰበሰበ። የደሴው ባለሱቅ ክዳኑ ላይ የለጠፋት ወረቀት፣ ይህ ከተቀደደ ዋስትና የለም የምትለዋ፣ ለሁለት ተቀድዳለች።

«ቅዳሜ እንዲህ ነበር?» ሳጅኗ ወደ ፈርሂያ ዞረች።

ፈርሂያ ስልኳን አወጣች። ቅዳሜ ማምሻውን ንጉሡ ከሄደ በኋላ ኩዌት ላሉ ጓደኞቿ ለመላክ ኮምፒውተሩን ከፊትም ከጎንም ፎቶ አንስታው ነበር። ወረቀቷ ፎቶው ላይ ደህና ናት። አልተነካችም።

«ስለዚህ ደሴም አይደለም፤ ቅዳሜም አይደለም» አለች ሳጅኗ። «ትናንት እሁድ ቤቱን ትተሽ ወጥተሻል?»

«ለቅሶ ደርሼ ነበር። ግማሽ ቀን።»

«አንተስ፣ ንጉሡ?»

«እኔማ ወረኢሉ፣ የአጎቴ ልጅ ክርስትና ላይ። አውቶቡሱ ውስጥ ግማሹ መካነ ሰላም አብሮኝ ነበር፤ ጠይቂያቸው።»

ፈርሂያ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። አፈረች። ሰውየው ግን አላያትም፤ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን በስልኩ መብራት እያየ ነበር።

«ሚሞሪው የለም» አለ።

መብራቱ ያረፈበት ቦታ ላይ ከስንዝር የምታንስ ቀጭን አረንጓዴ ሰሌዳ መሰካት ነበረባት። ባዶ ነው።

«ሌላስ? ፕሪንተሩ፣ ስታቢላይዘሩ?»

«ሁሉም አለ። የሚገርመው እሱ ነው። ሌባ ይሄን ሁሉ ዕቃ ትቶ እሷን ብቻ ይወስዳል? ለብቻዋ ለምንም አትሆንም። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ እሷ ላይ የቀረ ነገር የለም፣ ባዶ ናት። ፋይል የሚቀመጠው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ይኸው።»

«ይሄን ልዩነት ሰው ያውቀዋል?»

«ከየት አምጥቶ! እዚህ አገር ሚሞሪ ካልሽ የስልኳ ናት። መንዙማ የሚጫንባት፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚጫንባት። እሷን ከነቀልሽ ያለው ሁሉ አብሮሽ ሄደ።»

ሳጅን የኔአለም ወንበር ስባ ከፈርሂያ ፊት ተቀመጠች።

«እዚህ ላይ ምን አስቀምጠሽ ነበር?»

«ምንም። ያው ፎቶ ነው። የአባቴ ኑዛዜም አለ።»

«የምን ኑዛዜ?»

«በቪዲዮ። ከመሞቱ በፊት የተናገረው። የእርሻው መሬት ለአህመዲን፣ ይቺ መንገድ ዳር ያለችው ቦታ ለኔ። የሰሙት ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሁለቱም አልፈዋል። ኩዌት ሳለሁ ነው የተላከልኝ። ስልኬ ሞልቶ አላሠራ ሲለኝ ወደዚህ አዛወርኩት።»

«ይሄን ለማን ተናገርሽ?»

ፈርሂያ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

«ለማን?»

«ለወንድሜ ብቻ።»

«ያልሽውን ቃል በቃል ንገሪኝ።»

«‹የአባዬን ቪዲዮ ከስልኬ አጥፍቼ ኮምፒውተሩ ሚሞሪ ላይ አስቀመጥኩት› አልኩት።» የሳጅኗን እጅ ያዘች። «ሳጅን፣ በአላህ፣ እሱን አይጠርጥሩ። ቪዲዮውን ቀርጾ የላከልኝ እኮ እሱ ነው!»

«የቤቱ ቁልፍ ስንት ነው?»

«ሁለት።»

ሁለተኛው ማን ጋ እንዳለ ሳጅኗ አልጠየቀችም። ንጉሡን «ክዳኑን መልስ» አለችው። «ከዚህ በር ደግሞ ሚሞሪ የሚል ቃል እንዳይወጣ።» ከዚያ አህመዲንን አስጠራችው።

አህመዲን ንጉሡን እዚያ ሲያገኘው ፊቱ በራ።

«አሰላሙ አለይኩም። ተያዘ እንዴ?»

«ወአለይኩም ሰላም። ይቀመጡ፣ አያ አህመዲን። ትናንት እህትዎ ለቅሶ ስትሄድ የት ነበሩ?»

«ቤቴ።»

«እዚህ አልመጡም?»

«ምን ልሠራ?»

«ቁልፉስ?»

«ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም። ይልቅ ይሄን ሰውዬ ያዙት።»

«የሚያዝ ሰው የለም» አለች ሳጅኗ፤ ማስታወሻዋን አጠፈች። «ዕቃው ከፋብሪካው የተበላሸ ነው። ለደሴው ባለሱቅ እንመልሰዋለን፤ ጠግኖ ይልከዋል፤ ቪዲዮውንም ያወጣላታል።»

«ምን ብሎ ነው የሚያወጣው? ሚሞሪው ከሌለ የአባታችን ቃል ከየት ይመጣል?»

አህመዲን ያለው ነገር ለራሱ ዘግይቶ ጆሮው ገባ።

«ሚሞሪው እንደሌለ ማን ነገረዎት?» አለች ሳጅኗ።

«ፈርሂያ ናታ… ጠዋት ነገረችኝ።»

«እኔ፣ አያ?» ፈርሂያ ተነሳች። «እኔ ራሴ እኮ አሁን ነው የሰማሁት።»

ወንድሟን አየችው። ካርቶኑን ተሸክሞ ያመጣበትን ትከሻ አየችው። ተከድታ ነበር፤ ያወቀችው ገና አሁን ነው። ከንዴቱ ይልቅ ያቃጠላት ሌላ ነገር ነው፤ ጠዋት እጇን ይዞ ንጹሕ ሰው ላይ ማስጮኹ።

አህመዲን ብዙ አልታገለም። እጁን ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሰደደ። በነጭ መሐረብ ተጠቅልላ አረንጓዴዋ ሰሌዳ ወጣች።

«ከትናንት ጀምሮ ኪስህ ውስጥ ነው ያለችው?» አለች ሳጅኗ፤ አንቱታው ቀርቷል። «ጥፋተኛ ሰው እንዲህ ያለውን ገደል ይሰደዋል። ለምን አልጣልካትም?»

አህመዲን መሐረቡን እያየ ቆየ።

«የአባዬ ድምፅ አለባት ብዬ» አለ። «ሁለት ጊዜ ወንዝ ድረስ ሄድኩ። እጄ እምቢ አለኝ።»

ንጉሡ ባዶ መሆኗን ሊነግረው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

የቀረውን ሳጅኗ አንድ በአንድ አወጣችው። አህመዲን ቦታውን ለአንድ የወረኢሉ ከብት ነጋዴ ሊሸጥ ተስማምቷል፤ አባቴ ለኔ ነው የተወልኝ ብሎ። ፊርማው ለሐሙስ ተቀጥሯል። ፈርሂያ ቪዲዮውን ከስልኬ አጠፋሁት ስትለው በዓለም ላይ የቀረው ማስረጃ አንድ ብቻ መሰለው። የሱን ስልክ ደግሞ ድሮ ሸጦታል። የኮምፒውተር ሚሞሪ የቷ እንደሆነች በሰው ስልክ ፎቶዋን አይቶ ነው የለያት።

«እሷ በሌለችበት ስድስት ዓመት ማን አጠረው?» አለ ድንገት እየጮኸ። «ጎረቤት ድንበር ሲገፋ ማን ተደባደበ? እኔ! መጣችና በአንድ ቀን ታፔላ ሰቀለች። ‹አያ፣ ግባ› እንኳ አላለችኝም!»

ፈርሂያ ሰሌዳዋን ከመሐረቡ አንስታ ለንጉሡ ሰጠችው።

ንጉሡ ሰሌዳዋን በጨርቅ ጠራርጎ ቦታዋ ላይ አስገባት። ቀጭ አለች። ማብሪያውን ተጫነ። አንዴ ብቻ ጢጥ አለና ስክሪኑ በራ።

«ቪዲዮውን ክፈቺው» አለች ሳጅኗ።

አባታቸው ትራስ ተደግፈው ታዩ። ትንፋሻቸው ያጥራል። የእርሻውን ተናገሩ፤ የመንገድ ዳሩን ተናገሩ። ከዚያ ቀና ብለው ቪዲዮውን የሚቀርጸውን ሰው አዩ።

«አህመዲን፣ እሷ እስክትመጣ ጠብቅላት። አማና ነው፣ አደራ።»

ከስልኩ ጀርባ እንባ የያዘው ድምፅ መለሰ። «እሺ አባዬ። አማናህን ተቀብያለሁ።»

አህመዲን በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

«እህቴ» አለ ከእጆቹ ሥር፤ «በነቢ ይዤሻለሁ፣ በሽማግሌ በቤታችን እንጨርሰው።»

«በቤታችን ብትጠይቀኝ ኖሮ ግማሹን እሰጥህ ነበር፣ አያ» አለችው። አልጮኸችም። «የቤት ጉዳይ መሆኑ የቀረው ክዳኑን የፈታኸው ጊዜ ነው። ይሄን ሰው በሐሰት ያስከሰስከኝ ጊዜ።» ወደ ንጉሡ ዞረች። «ንጉሥዬ፣ በድዬሃለሁ፤ አውፍ በለኝ።»

«ለአላህ ብዬ» አለ ንጉሡ፤ የአንገት መስቀሉን እየነካካ።

ሳጅኗ ወረቀት አወጣች። «እንግዲህ አቤቱታሽን ልጻፈው።»

«እኔ እጽፈዋለሁ» አለች ፈርሂያ። «ሥራዬ አይደል?»

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ኩዌት ሳለች አሠሪዎቿ ሲተኙ በስልኳ ላይ የተለማመደችውን ፊደል አንድ በአንድ ፈልጋ መታችው። አመልካች፣ ፈርሂያ ይማም። ቀጥላ ተጠርጣሪ ብላ ጻፈች። እዚህ ላይ ጣቷ ቆመ።

ማንም አላጣደፋትም። አህመዲን ብላ ጻፈች። ከዚያ የአባት ስምም ይጠየቃልና ይማም ብላ ጨመረች። የአባታቸው ስም ከላይም ከታችም ሆነ፤ በአንዱ ከሳሽ፣ በአንዱ ተከሳሽ።

ፕሪንተሩን አብርታ አተመችውና ወረቀቱን ለሳጅኗ ሰጠቻት።