የሰላዩን ሰዓት ያሰረው እጅ

ሰዎች የተሰበረ የሰዓት መስታወት ሊያስቀይሩ ሲመጡ እንጂ ደህናውን ሊያስነቅሉ ሲመጡ ሰኮንድ አይታ አታውቅም። ሰኮንድ ሰዓት ሠሪ ናት። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው፤ በልጅነቷ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብላ ስታስቸግረው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሰዓት ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ ዓይኑ ሲደክምበት ወንበሩን ለሷ ለቀቀ፤ እሱ አሁን ጎረቤት ካለው ፀጉር ቤት ወሬ ሲሰልቅ ይውላል።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ረጅም ወጣት ገባና በመሀረብ የተጠቀለለች፣ ገጿ ጥቁር የሆነ የጠላቂ ሰዓት ፊቷ አስቀመጠ።

«መስታወቷን ያንሱልኝ።»

«ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም።»

«ተጭሯል?»

«ምንም አልሆነም። ግን ይነሳ።»

«መስታወት የሌላት ሰዓት አቧራ ገብቶባት በሳምንቷ ቀጥ ትላለች። ከዚያ ተመልሰው እኔን ሊወቅሱ ነው?»

«ብትቆምም ግድ የለም» አለ። ከዚያ አፈር ብሎ፣ «እንዲያውም ብትቆም ይሻላል» ሲል ጨመረበት።

ሰኮንድ ያሾፈባት መሰላት፤ ሆኖም ከደንበኛ ጋር መከራከር አትወድምና አነሳችለት። ልጁ ልክ መሆኗን ለማየት እጅጌውን ሰብስቦ ሰዓቷን አሰራት። ያን ጊዜ ሰኮንድ የያዘችው ካቻቢቴ ከእጇ ወደቀ። ያንን አንጓ ታውቀዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አባትና ልጅ ሱቃቸውን ዘግተው አንድ ተከታታይ የስለላ ፊልም ያያሉ። ሌላው ተመልካች ሰላዩ ማንን እንደሚገድልና ማንን እንደሚስም ሲከታተል፣ እነሱ የሚከታተሉት ሰዓቱን ነው። ሰላዩ የሚወዳቸው አራት ሰዓቶች አሉት፤ ባሕር ሲገባ ጥቁሯን፣ ከሹማምንት ጋር እራት ሲበላ ስሷን ወርቅማ፣ ሲጓዝ የሁለት አገር ሰዓት የምታሳየውን፣ ነገሩ ሲከፋ ደግሞ ከሟች አለቃው የወረሳትን በእጅ የምትሞላ አሮጌ ሰዓት ያስራል። አባቷ አሮጌዋን የሚያህል የለም ባይ ነው። ሰኮንድ የጥቁሯ ወገን ናት። በዚህ ተኮራርፈው እራት ሳይበሉ ያደሩበት ቀን አለ።

ካሜራው ሰዓቱን ለማሳየት በተጠጋ ቁጥር ታዲያ፣ ከአውራ ጣቱ በታች ማርያም የሳመቻቸው ሦስት ጥቁር ነጥቦች ተደርድረው ይታያሉ። ካሜራው ራቅ ሲል ይጠፋሉ። አባቷ «የሜካፕ ስህተት ነው» ይላል። ሰኮንድ ግን የእጁ ባለቤት ሌላ ሰው መሆኑን ከጠረጠረች ሁለት ዓመቷ ነው። ለማንም አትናገረው እንጂ ከሰላዩ መልክ ይልቅ ያን እጅ ትወደው ነበር።

«ሰላዩ አንተ ነህ» አለችው። «እርስዎ» ማለቱ ጠፋባት።

ልጁ ዞር ብሎ በሩን አየ። ከዚያ ሰዓቷን ፈትቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እጁ ብቻ ነኝ» አላት።

ቀስ በቀስ ነገራት። ዋናው ተዋናይ እጁ ይንቀጠቀጣል። ድርጅቱ ደግሞ ተዋናያችን ሁሉንም ነገር ራሱ ነው የሚሠራው እያለ ስንት ጊዜ ፎክሯል። ስለዚህ ሰዓቶቹ በቅርብ የሚቀረጹት ሌላው ሠራተኛ ከሄደ በኋላ፣ በር ተዘግቶ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ሦስት ሰው ብቻ ይገባል፤ ዳይሬክተሩ፣ እሱ፣ መብራት የሚያበራው ታላቅ ወንድሙ። ሥራውንም ያስገባው ወንድሙ ነው። ሦስቱም ትንፍሽ ላይሉ ፈርመዋል። የጥቁሯ ሰዓት መስታወት መብራት እየመለሰ ወንድሙን ስላስቸገረው ነው ይዟት የመጣው። ብትቆም ደግሞ ቀረጻው ሲደገም የምታሳየው ሰዓት አይለዋወጥም።

«አሁን አራተኛዋ አንቺ ሆንሽ» አለ።

«እኔ አልፈረምኩም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሐሙስ ናና እፈርምልሃለሁ።»

ሐሙስ መጣ። ከዚያ በኋላ ወርቅማዋን ይዞ መጣ፣ ተጓዧን ይዞ መጣ። የሚነሳ መስታወት ሲያልቅ የሚመለስ መስታወት ተገኘ። ሁሉም ሲያልቅ ባዶ እጁን መምጣት ጀመረ፤ ሰኮንድም ሰዓቱን ልየው ማለቱን ተወችው።

«ሲቀርጹህ ምን ታስባለህ?» አለችው አንድ ቀን።

«ምንም። ትንፋሼን እይዛለሁ። ትንፋሽ ከተወሰደ ሰዓቷ ከፍ ዝቅ ትላለች፣ ካሜራው ደግሞ ምንም አያልፈውም። ድሮ በአንድ ጊዜ ነበር የምጨርሰው። ትናንት አምስት ጊዜ ተደገመ።»

«ምነው?»

«አንቺን አስቤ።»

ሰኮንድ ማጉያዋን ዓይኗ ላይ ሰክታ ባዶ ጠረጴዛ ማየት ጀመረች። ፊቷ ምን እንደሚመስል አላወቀችም፤ ብቻ ባያየው መርጣለች። እንዲህ ተቀምጠው ደንበኛ እስኪገባ ድረስ ቆዩ።

በስድስተኛው ወር አባቷ ዘንድ ቀረበ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጅጌውን እስከ መዳፉ ድረስ ቆልፎ።

«ሥራህ ምንድን ነው ልጄ?»

«ፊልም ሥራ ላይ ነኝ፣ አባቴ።»

«እኮ ምን ትሠራለህ?»

«አግዛለሁ።»

«ማንን?»

«የሚታገዘውን።»

ልጁ ከወጣ በኋላ አባቷ በሩን ዘግቶ ዞረባት። «የሚታገዘውን! ሥራውን የሚደብቅ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ ሌላ ሚስት አለችው። ሁለተኛ ከዚህ ደጃፍ ድርሽ እንዳይል።»

ሰኮንድ ልጁን ለመነችው፤ ለአባቴ ብቻ ልንገረው አለችው። «ሦስት ወር ታገሺኝ» አላት። «ቀረጻው ያልቃል፣ ውሉም ያበቃል። ያኔ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ እጄንም አሳያቸዋለሁ። ቃል ግቢልኝ።» ቃል ገባችለት። ሦስት ወር ምን አላት? ሰው ሦስት ወር የጥርስ ሕመም ይችላል።

ሦስት ሳምንት ቻለች። በአራተኛው እሑድ አባቷ የሚወዳት አሮጌዋ ሰዓት በቴሌቪዥኑ ላይ ወጣች። ሰላዩ ጣሪያ ላይ ቆሞ በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ይሞላታል። አባቷ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ።

«እጅ ማለት ይህ ነው» አለ። «እያት፣ ሰዓቷ እንዴት እንደተቀመጠችበት። እንዲህ ያለ ሰው ቢመጣልሽ ዓይኔን ሳላሽ እድርሽ ነበር፣ ያንን ሥራ የሌለውን አጋዥ ከምታመጪብኝ።»

«አባዬ፣ እሱ እኮ ነው።»

ወጣ፤ ከአፏ ወጣ። አባቷ መጀመሪያ አላመነም። ሦስቱን ነጥቦች፣ መስታወቱን፣ ጠባቡን ክፍል ስትነግረው ቁጭ አለና ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ የቀረበ ነበር። ለነፍስ እንደማይናገር በእናቷ አጥንት ማለላት።

ዘጠኝ ቀን ጠበቀው። ለሱ ዘጠኝ ቀን ብዙ ነው። በአሥረኛው ቀን ፀጉር አስተካካዩ፣ አንዱን ደንበኛ እየላጨ፣ «ልጅህ ከአንድ ሥራ ፈት ጋር ትታያለች አሉ» ቢለው ደሙ ፈላ። በዚያች ፀጉር ቤት ሴት ልጁን ያሰደበ አባት ሆኖ መውጣት አልቻለምና ሁሉንም ዘረገፈው። በሳምንቱ የሰላዩ አንጓ ፎቶ ሦስቱ ነጥቦች በቀይ ተከብበውበት በየሰዉ ስልክ ላይ ይዞር ጀመር፤ በሥሩም ተዋናዩ ላይ የተሳለቀ ቀልድ ነበረበት።

ልጁ ወደ ሱቁ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል። አባቷ ጥጉ ላይ ተቀምጧል።

«አባረሩን» አላት። «እኔንም ወንድሜንም።»

«ማን ተናገረ ነው የሚሉት?»

«ማን ይሆናል? ዳይሬክተሩ የገዛ ፊልሙን አያበላሽ። ወንድሜ ነው። ሲጠጣ አፉ አይያዝም፤ ሁሌም እንደዚያ ነው። በልጆቹ እየማለ ካደኝ። ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም ብዬው ወጣሁ።»

ሰኮንድ አፏን ከፈተች።

«ሌላ የሚያውቅ አንቺ ብቻ ነሽ» አለ። ደክሞት ነበር፤ ግንባሩን መደርደሪያው ላይ አሳረፈ። «አንቺ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

አፏን ዘጋች። እጇን ራሱ ላይ ጫነች፤ ጸጉሩ በላብ ርሷል። አባቷ ጥጉ ላይ ሆኖ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል። ዕድሜውን ሙሉ ዝም ብሎ የማያውቅ ሰው ዝም አለ። ልጁ ሲሄድ አባቷ፣ «እኔ ነኝ ልበለው» አላት።

«ዝም በል አባዬ።»

«ልጄ...»

«የነገርኩህ እኔ ነኝ። ዝም በል።»

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ቀና፤ የሚያናድደውም ይህ ነው። ልጁ ቀለም መደብር ውስጥ ሥራ አገኘ። አባቷ ባንድ ቃል እሺ አለ። የሰርጉ ቀን ቅዳሜ ተቆረጠ፣ ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ። ምሽት ላይ ልጁ እየመጣ ወንድሙን ያማል፤ ሰኮንድ ሻይ ትቀዳለታለች። «ልጅ ሆኜ በጀርባው አዝሎ ነበር ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ» ይላል። «እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይከዳል?» ሰኮንድ ስኳሩን ታማስላለች።

ለሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ጠና ያለ ሰው ሱቁ ገባ። አይታው ባታውቅም አወቀችው፤ ቁመቱ ያው ነው።

«ሰዓት የለኝም» አላት። «ወንድሜን እንድታናግሪልኝ ነው የመጣሁት።»

«ይቀመጡ።»

«እጠጣለሁ፤ አፌ አይያዝም፤ አልክድም። ይቺን ግን አልተናገርኩም ብዬ ነበር የማስበው።» መዳፉን መዳፉ ላይ ፈተገ። «አሁን እንጃ። ሁሉም ሰው አንተ ነህ ሲለኝ፣ ሚስቴ ሳትቀር ስትለኝ፣ ሰክሬ ተናግሬ ይሆን እያልኩ ነው። የትኛው ቀን ይሆን እያልኩ እቆጥራለሁ። መጠጥ ካቆምኩ ሁለት ወሬ ነው። ግን ለማስታወስ ብሞክር ምንም አላገኝም።»

ሰኮንድ የወንድምየውን ቁጣ ትችለው ነበር። ይህን አልቻለችም።

«አልተናገሩም» አለችው።

«እንዴት አወቅሽ?»

«እኔ ነኝ። ለአባቴ ነገርኩት፣ አባቴ ለሰው ነገረ።»

ሰውየው መዳፉን መፈተጉን ተወ። «እሱ ያውቃል?» አለ።

«አያውቅም።»

«እኔ አልነግረውም» አለና ተነሳ። «ይወድሻል። ሰርጋችሁን አፍራሽ መሆን አልፈልግም። ብትፈልጊ ንገሪው፣ ብትፈልጊ ተይው። እኔ አለመሆኔን ማወቄ ለኔ ይበቃኛል።»

ቢሰድባት ይቀላት ነበር።

ልጁን የተከራዩት ቤት ውስጥ አገኘችው፤ የመኝታ ቤታቸውን ግድግዳ ቀለም እየቀባ። አንጓው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ፈሶበታል። በር ላይ ቆማ ነገረችው፤ ምንም አላስተረፈችም። ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠና ቧንቧው ዘንድ ሄዶ እጁን መታጠብ ጀመረ። ቀለሙ ከለቀቀ በኋላም መታጠቡን አላቆመም።

«በዚያው ቀን ብትነግሪኝ ይቅር እልሽ ነበር» አለ ጀርባውን እንደሰጣት። «አባትሽ ንቀውኝ፣ አንቺ ደግሞ አልችል ብለሽ እንደሆነ ብትነግሪኝ እስቅም ነበር።»

«ፈራሁ። ታጣኛለህ... አጣሃለሁ ብዬ ፈራሁ።»

«ይገባኛል። ግን ሁለት ወር ሙሉ ወንድሜን ስረግም አጠገቤ ቁጭ ብለሽ አዳመጥሽኝ። ሻይ እየቀዳሽ።» ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። «ነገ ስለ ሌላ ነገር ዝም ስትዪ ምን ልሁን? ሁልጊዜ ፊትሽን እየመረመርኩ ልኑር?»

ሊነካት እጁን ዘረጋና መንገድ ላይ መለሰው። ኮቱን ይዞ ወጣ፤ የወንድሙ ቤት በዚያው መንገድ ነው።

ሰርጉ ሊሆን የነበረበት ቅዳሜ ሱቁ ክፍት ነበር። ረፋዱ ላይ ታላቅ ወንድሙ መጣ። ጢሙን ተላጭቶ፣ ወፍሮ፣ አሥር ዓመት ቀንሶ።

«ወንድሜን መለስሽልኝ» አላት። «ሌላ ከተማ አብረን ሥራ አግኝተናል፣ ሰኞ እንሄዳለን። ሳላመሰግንሽ አልሄድም ብዬ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር።»

«እሱ ደህና ነው?»

«ይበላል፣ ይሠራል። ስምሽን አያነሳም።» ትንሽ ቆየና፣ «የምትልኪበት ነገር አለ?» አለ።

«የለም» አለች ሰኮንድ።

ሰውየው ሁለት ጊዜ እጅ ነሥቶ ወጣ። አባቷ ከጥጉ ሆኖ፣ «ደግ ሠራሽ ልጄ፣ እውነት ተናግረሽ ሕሊናሽ ዐረፈ» አላት፤ ሌላ የሚላት ቢያጣ ነው። ሰኮንድ ቀና ብላ አየችው። ሕሊናዋ አላረፈም። ዝም ብትል ኖሮ በዚህች ሰዓት ሚስቱ ነበረች፤ ወንድምየውም ሳይነግርባት ይኖር ነበር። ይህን አሰበች፤ ዝም ባልኩ አለች፤ እንዲህ ማለቷም አላሳፈራትም።