እጆቿ ያሉበት ፎቶ

ሊድያ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ እያደረገች ታወዛውዛለች። በቀዩ አምፖል ብርሃን፣ ፈሳሹ ውስጥ የተጋደመው ወረቀት ገና ነጭ ነው። ሶሬሳ ትከሻዋ አጠገብ ቆሟል። «ዛሬ እኔ ልጠበው፤ አንቺ ዞር በይ» ብሎ ወረቀቱን ብርሃን ያስመታው ብቻውን ነው።

የተዋወቁት አምና ነው። ከሸጎሌ ስልኩን ይዞ ቀጨኔ ወዳለችው ጠባብ ፎቶ ቤቷ መጣና «ከዚህ ላይ የድሮ ዓይነት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይታጠባል?» አላት።

«ትዕግሥት ካለህ።»

ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አደረገችው። ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ላይ አተመችው። ላስቲኩን ብርሃን በሚፈራው ወረቀት ላይ አንጥፋ፣ መስታወት ጭና፣ መብራት አብርታ ቆጠረች። ከዚያ ወዲህ ሶሬሳ የሚታጠብ ፎቶ አጥቶ አያውቅም።

የዛሬው የእሷው ነው። ጠዋት ከእናቷ ጋር ሸክላ ስትሠራ፣ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆኖ፣ ቀና ስትል ሶሬሳ ያነሳት። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ለእናቱ ለወይዘሮ ሾዴ ሊያሳያቸው ነው።

ፊቷ ወጣ። ዓይኗ፣ ሳቋ። ከደረቷ በታች ግን ወረቀቱ እንደ ከሰል ጠቆረ።

ሊድያ ማወዛወዟን አቆመች። ፊቷን በካርቶን ጋርዶ የታችኛውን ለብቻው ብርሃን አስመትቶታል። ዘዴውን ያስተማረችው ራሷ ናት።

«እጄስ?»

ዓይኑን ወደ ካርቶኑ መለሰ።

«ሶሬሳ፣ እጄ የታለ? ገንቦዬስ?»

«እ... ማለቴ፣ እማዬ እስክትለምድሽ ብዬ ነው። የእኛ ሰፈር ሰው ስለ ሸክላ ሠሪ የሚያወራውን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። እናትህ ወጥ የሚሠሩበት ድስት ከሰማይ ነው የወረደላቸው?»

ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ዓይኗን አየና ዋጠው።

«እናቴ በዚህ ሥራ ነው ያሳደገችኝ። ያፈርኩበት ቀን የለም። ግማሼን ይዘህ ሂድ፤ በቃ። ሽማግሌም ለግማሼ ላክ።»

ውጭ የታክሲ ረዳት «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» ይላል። ወደ በሩ የሚሄድ መስሏት ጠበቀች። ሶሬሳ ግን ሌላ ወረቀት አወጣ። ላስቲኩን አነጠፈ፣ መስታወቱን ጫነ፣ ካርቶኑን አንስቶ ለእሷ ሰጣት። መብራቱን አበራና ጮክ ብሎ እስከ ዐሥራ ሁለት ቆጠረ።

ፈሳሹ ውስጥ መጀመሪያ የወጣው እርጥቡ ጭቃ ነበር። ከጭቃው መሃል ጣቶቿ፣ የገንቦው አፍ፣ በመጨረሻም ፊቷ። ትከሻቸው ተነካካ።

ወረቀቱ ሁለተኛው ፈሳሽ ውስጥ ቆይቶ ብርሃን የማይጎዳው ሲሆን፣ ሶሬሳ በሩን ከፍቶ ወጣና እናቱ ጋ ደወለ። የሚያወራው በኦሮምኛ ነው፤ ሊድያ «ቀጨኔ» የሚለውን ብቻ ለየች።

«ምን አሉ?» አለችው ሲመለስ።

«‹አንተ ልጅ፣ የፈራኸው እኔን ነው ወይስ ራስህን?› አለችኝ።»

«አንተስ?»

«ራሴን አልኳት። እሑድ ይዘሃት ና ብላለች።»

ሊድያ ትኩር ብላ አየችው። አንገቷ ቀና እንዳለ ነው።

ፎቶው ሲደርቅ ገለበጠችውና በእርሳስ ጻፈችበት፦ «ሊድያ። ሸክላ ሠሪ፣ ፎቶ አጣቢ። ቀጨኔ።» ሶሬሳ የራሱን ስም ሊጨምር እጁን ሲዘረጋ ጣቱን መታ አደረገችው።

«አንተ ገና ተማሪ ነህ!»

ተሳሳቁ። ከዚያ እርሳሱን ሰጠችው። ስሙን ጽፎ ሲጨርስ ፎቶውን ለእሑድ ፖስታ ውስጥ ከተተችና መደርደሪያው ላይ አኖረችው።