ፊቱን የሸፈነው ጽሑፍ

ብታምኑኝም ባታምኑኝም ይሄ ነገር ደርሶብኛል። እገሌ እንዲህ አለ ብዬ የሰማሁትን አይደለም የማወራችሁ... በገዛ ጆሮዬ የገባውን ነው።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ አስር ሰዓት ነበር። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ ተኝታለች። አዳራሹ በሰው ተሞልቷል። ሁሉም ያወራል።

የምሠራው የጥሪ ማዕከል ውስጥ ነው። ድርጅቱ በኢንተርኔት ፊልምና ተከታታይ ድራማ ያሳያል። አፑ ቲቪያቸው ላይ አልከፍት ያላቸው፣ ስልካቸው ላይ እየሠራ ቲቪው ላይ እምቢ ያላቸው፣ ድምፅ መጥቶ ምስል የቀረባቸው ሰዎች ይደውላሉ። እኛ ደግሞ ስክሪናችን ላይ የተጻፈልንን እናነብላቸዋለን።

"ከሶኬት ነቅለው መልሰው ይሰኩት።"

"አፑን አጥፍተው እንደገና ይጫኑት።"

ይህ ሁሉ አልሆን ሲል ደግሞ የመጨረሻዋ አለች... "ደንበኛችን፣ መሣሪያዎ ከእንግዲህ አይደገፍም።"

በሰውኛ ሲተረጎም፣ ቲቪዎን አውጥተው ይጣሉት ማለት ነው።

የጀመርኩት ሰኞ ዕለት ነው። ሥራ ፍለጋ ስዞር ጫማዬም ተስፋዬም አብረው አልቀው ነበር። የተሰጠኝ ቦታ መስኮት ዳር፣ ከምሰሶው አጠገብ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ለአዲስ ሰው እንዴት ተረፈ ብዬ አልጠየቅኩም። ደስ አለኝ እንጂ።

ግን ትንንሽ ነገሮች ነበሩ...

ማታ ስወጣ ማዳመጫውን ለጭንቅላቴ እንደሚሆን አጥብቤ አስቀምጠዋለሁ። ጠዋት ስመጣ ሰፍቶ አገኘዋለሁ።

ጠዋት ስቀመጥ ወንበሩ ይሞቃል። አሁን ሰው የተነሣበት ይመስል።

ደግሞ ጎኔ የምትቀመጠው ልጅ አለች። ቀጮ ነው የምንላት። ስታወራኝ አታየኝም። ዓይኗ ከትከሻዬ በላይ ነው የሚያርፈው።

"ምን ታያለሽ?" አልኳት አንዴ።

"ምንም" አለችና ዞረች።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት፣ አስር ሰዓት ላይ፣ ስልኩ ገባ።

"ስለጠበቁን እናመሰግናለን፣ ምን ልርዳዎት?"

ማዳመጫውን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አደረግኩት።

"ሃሎ? ደንበኛችን?"

"...አዲስ ነሽ መሰለኝ" አሉኝ አንዲት አሮጊት። ድምፃቸው የደከመ ነው። "ድምፅሽን አላውቀውም።"

"አዎ፣ እማማ።" ደንበኛችን ማለት ነበረብኝ። አመለጠኝ።

"እንግዲያው አንቺ እንኳ ሳትዘጊብኝ ልንገርሽ። ቲቪዬ ላይ ጽሑፍ መጥቷል። መሐሉ ላይ ቁጭ ብሏል። 'ይህ መሣሪያ አይደገፍም' ይላል።"

ይሄማ የየቀኑ እንጀራችን ነው። "የሞዴል ቁጥሩ ከቲቪው ጀርባ ላይ አለ። ቢያነቡልኝ?"

"የቲቪውን ጀርባ? የኔ ልጅ፣ የራሴን ጀርባ ማዞር ካቃተኝ ስንት ጊዜዬ!"

ሳቄ መጣ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

"አሮጌ መሆኑን አውቃለሁ" አሉ። "ልጄ ነው የገጠመልኝ። እንዲሠራልኝ ብዬም አይደለም የደወልኩት።"

"ታዲያ ምን ላድርግልዎ?"

"ጽሑፉን ብቻ አንሺልኝ... ፊቱን ሸፈነብኝ።"

"የማንን ፊት?"

"የልጄን።"

ተዋናይ ልጅ ያላቸው መሰለኝ። "ልጅዎ የሚታይበት ፕሮግራም ስሙ ማን ይባላል?"

"ፕሮግራም አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ነው።"

አልገባኝም። እሳቸው ቀጠሉ።

"ሰፊ አዳራሽ ነው። ሰዉ ተደርድሮ ተቀምጧል። ሁሉም ጆሮው ላይ ያንን ነገር ደፍቷል። አንድ ምሰሶ አለ። ቀለሙ ስለተላጠ መሰለኝ ካርቶን ለጥፈውበታል..."

ቀና አልኩ።

ካርቶኑ እዚያው ምሰሶው ላይ ነው።

ጣሪያውን በዓይኔ ዳሰስኩት። ካሜራ የለም። ከኋላዬ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ላይም ምንም የለም።

"እማማ..." አልኳቸው። "ልጅዎ ምን እያደረገ ነው?"

"ቆሟል።"

"ቆሟል?"

"በፊት ተቀምጦ ነበር የሚሠራው። ቀብሬው ገባሁ... ሰዉ ሁሉ ወደየቤቱ ሄደልኝ... ቤቱ ጭር ሲልብኝ ሰው ያወራበት ብዬ ቲቪውን ከፈትኩት። ሥራ ላይ ነው።"

እጄ ከመተየቢያው ላይ ወደቀ።

"ከሰኞ ወዲህ ግን መቀመጫም አጣ" አሉ። "አንዲት ልጅ ወንበሩን ወሰደችበት። ማታ ስትወጣ ይቀመጣል። ጠዋት ስትመጣ ይነሣላታል። ልጄ ጨዋ ነው።"

"የት... የት ጋ ነው የቆመው?"

"ከኋላዋ። ትከሻዋን ሊነካ ምንም አልቀረው።"

መዞር አልቻልኩም። ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ ግራ እጄን ቀስ አድርጌ ከጠረጴዛው በላይ አነሣሁት።

"እማማ... ልጅቷ አሁን ምን አደረገች?"



"...እጇን አነሣች።"

ከዚያ በሹክሹክታ፣ "አንቺ ነሽ እንዴ?"

ድምፄ ለእማማ እንዳይደርስ ዘግቼ ወደ ቀጮ ዞርኩ። "እዚህ ወንበር ላይ ማን ነበር?"

እሷም የራሷን ዘጋች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"አልነገሩሽም?"

"ማን ይነግረኛል!"

"ደረቴን አመመኝ አለ" አለች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ በሚመስል ድምፅ። "ሄጄ ልታከም አለ። 'መጀመሪያ የጥሪ ወረፋውን ጨርስ' ተባለ። ጨረሰዋ! ማዳመጫውን እንዳደረገ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። መስመር ላይ የነበረው ደንበኛ ቲቪዬ አልከፍት አለኝ እያለ ይጮኽበት ነበር... እስኪያወጡት ድረስ እንኳ ስልካችሁን አትዝጉ ተብለናል።"

"መቼ ነው ይሄ?"

"የሥራ ማስታወቂያው የወጣው በማግስቱ ነው።"

ማስታወቂያው። እኔ በደስታ ደረጃውን እየዘለልኩ የወጣሁለት ማስታወቂያ።

ገና ሳልተነፍስ ሱፐርቫይዘራችን መጣ። ቆጣሪው ነው የምንለው። የሰው ነገር አይገባውም፣ የጥሪ ርዝመት ግን በእንቅልፍ ልቡም ይቆጥራል። ስክሪኔ ላይ የደዋይዋን ቁጥር አየና ምላሱን ጠቅ አደረገ።

"እኚህ ሴትዮ አሁንም? አንብቢላቸውና ዝጊ።"

"ጋሼ፣ እሳቸው እኮ የ..."

"ማን እንደሆኑ አውቃለሁ። በየቀኑ ነው የሚደውሉት። መሣሪያው አይደገፍም በያቸው። አለቀ።"

ድምፄን ከፈትኩ። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ፊቴ ላይ ተደቅናለች። "ደንበኛችን፣ መሣሪያዎ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ትንሽ ብቻ ተነሺለት የኔ ልጅ" አሉኝ። ለመኑኝ። "ጽሑፉም ይቅር። ትንሽ ይረፍ። እግሩ አብጦብኛል።"

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ተነሣሁ።

"ተቀመጪ" አለ ቆጣሪው።

"አልቀመጥም።"

"ተቀመጪ ነው የምልሽ! ከዚህ ወንበር ከተነሣሽ በዚያው ቅሪ።"

ቀረሁ። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ እንዳለ፣ ገመዱ ተወጥሮ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ ቆምኩ።

ያኔ ወንበሩ... "ፍስስስ..." ብሎ ቀስ እያለ ዝቅ አለ።

ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው።

ቀጮ አፏን በእጇ ያዘች። ቆጣሪው ወንበሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ምንም እንዳላየ ሰው ክራቫቱን አስተካከለ።

"ተቀመጠ!" አሉ እማማ በጆሮዬ። እያለቀሱ ነው ወይስ እየሳቁ፣ አልለይ አለኝ። "ጽሑፉም ተነሣ! ፊቱ... ፊቱን አየሁት! ከሳብኝ እንጂ እሱ ነው። አፉ ይንቀሳቀሳል... ምን እያለ ነው?"

እኔ ሰማሁት።

በማዳመጫው ውስጥ፣ ከእሳቸው ድምፅ ሥር፣ አንድ የወጣት ወንድ ድምፅ መጣ። የደከመ፣ ግን ትሑት...

"ስለጠበቁን እናመሰግናለን፣ ምን ልርዳዎት?"

"ልጄ!" አሉ። "እኔ ነኝ! እናትህ!"

"ደንበኛችን፣ የመሣሪያዎን የሞዴል ቁጥር ይንገሩኝ።"

"እኔ ነኝ እኮ... ድምፄ ጠፋህ?"

"ደንበኛችን፣ ቁጥሩን ካልነገሩኝ ልረዳዎት አልችልም። ጥሪውን ልዘጋ ነው።"

"አትዝጋ! አትዝጋ የኔ ጌታ፣ እነግርሃለሁ... ጠብቀኝ፣ እነግርሃለሁ!"

ከባድ ነገር ወለል ላይ ሲጎተት ሰማሁ። ሲያቃስቱ ሰማሁ። ቲቪውን እያዞሩት ነው። ከዚያ ትንፋሽ እያጠራቸው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ።

ቀስ እያሉ...

እንዳያልቅባቸው።

"ደንበኛችን፣ ይቅርታ፣ አልሰማሁም። ይድገሙልኝ" አላቸው።

"እደግምልሃለሁ" አሉ። "እሺ የኔ ልጅ። እስክትሰማኝ እደግምልሃለሁ።"

ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም። እንባዬ ወረደ። ቆጣሪው ማዳመጫውን ከጭንቅላቴ ላይ መነጨቀኝ።

"በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም! ጥሪ መዝጋት ማንን ይገድላል?" እያለ ጆሮው ላይ አደረገው። "ደንበኛችን፣ ይህ ጥሪ..."

ቀጥ አለ።

ሲያዳምጥ ፊቱን አየሁት። መጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ ግራ ገባው። ከዚያ ደሙ ከፊቱ ላይ ሲሸሽ በዓይኔ አየሁ። የእናት ልመና እንዲያ አያደርግም። ሌላ ሰው ነው ያነጋገረው። አንድ ነገር ጠይቆታል። ምን እንደጠየቀው ማናችንም አልሰማንም። መልሱን ግን ሰምተናል።

በቀጭን ድምፅ፣ "...አሁን አይቻልም" አለ። "ወረፋ አለ።"

ቀጮ እጄን ጨመቀችው።

ቆጣሪው መዝጊያውን ተጫነ። ሰዓቱ ስክሪኑ ላይ መቁጠሩን ቀጠለ። ደግሞ ተጫነ። ደጋግሞ ተጫነ። ጥሪው አልዘጋ አለ።

ቦርሳዬን አነሣሁ። ቀጮን "ነዪ እንሂድ" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ስልኳ እየጠራ ነበር። አነሣችው። "ስለጠበቁን እናመሰግናለን..." አለች፣ ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ።

አዳራሹን በመሐል አቋርጬ ወጣሁ። ማንም ቀና አላለም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ያነባል። ከሶኬት ነቅለው ይሰኩት... አፑን አጥፍተው ይጫኑት... አይደገፍም... አይደገፍም...

የመስታወቱ በር ጋ ስደርስ ባልዞር ይሻለኝ ነበር።

ዞርኩ።

ቆጣሪው ከወንበሩ ኋላ ቆሟል። ማዳመጫው ጆሮው ላይ ነው። ሊያወልቀው እጁን ለማንሣት ይሞክራል፣ አይነሣለትም። ፀሐይዋ ጠረጴዛው ላይ እንዳለች ናት።

ባዶው ወንበር ጀርባውን ሰጥቶት ነበር።

ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ...

ፊት ለፊቱ እስኪደርስ ዞረና ቆመ።