የቀኙ ጅረት ቁጥር

ጎርፉ የግንዱን ድልድይ ጠራርጎ ሲወስደው ኬሚስቷና አጎቷ ገና መሻገራቸው ነበር።

«መመለሻችን ሄደ!» አሉ አጎቷ፤ ዕድሜ ልካቸውን ዓሣ አጥማጅ ናቸው።

«መጀመሪያ ምንጩን እንይ፣ ጋሼ።»

ታች መንደር የእህቷ ልጅ ሆዱን እየቆረጠው ከሰውነት ተራ ወጥቷል። መንደሩ የሚጠጣው ከሁለት ጅረት ነው፦ የግራው አሮጌ የማዕድን ጉድጓድ እየታከከ ይመጣል፣ የቀኙ ከገደል አናት ይወርዳል። ጠዋት አጎቷ በጠርሙስ ቀድተው ያመጡላትን የሁለቱንም ውሃ ለክታለች። ካርቦን የተቀባችው ስስ ቁራጭ ውሃ ውስጥ ስትነከር እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ይለጠፍባታል፤ ኤሌክትሪኩ መልሶ ሲያራግፈው መሣሪያው መጠኑን ይናገራል። ቁጥሩ ከዐሥር በላይ ከሆነ ውሃው አይጠጣም። ግራው አርባ፣ ቀኙ ዘጠና አለ። ነገሩ አልገጥም ቢላትም፣ ሌላ ውሃ ስላልነበረ «እስክመለስ ከግራው አጠጪው፣ ይሻላል» ብላ እህቷን አዘዘች።

መንገዳቸው ላይ ካለ ኩሬ ዳር ጉማሬ ተነሣባቸው። እሾህ እየቧጨራቸው ሮጡ፤ ገደሉን በጥፍራቸው ወጡ። የቀኙ ጅረት ምንጭ ከባዶ ዓለት ነበር የሚፈልቀው። አጎቷ በጠርሙስ ቀዱላት፤ ለካች። ዘጠና ሁለት። ቁራጯን ቀየረች። ዘጠና አንድ።

«ከየት መጣ? ወይስ እኔ ነኝ ያበድኩት?»

አጎቷ ዳግም ሊቀዱላት ጠርሙሱን በገመድ ወረወሩት። ባዶው ፕላስቲክ እንደ ድንጋይ ሰመጠ።

«ጋሼ! ውስጡ ምን አለ?»

«የመረቤ ማጥለቂያ ነዋ! የዚህ ጅረት ውሃ ጉልበተኛ ነው፣ ጠርሙሱን ይነጥቀኛል። የግራው የተኛ ስለሆነ አላስፈለገኝም።»

ጠርሙሱን ገልብጣ አራገፈችው። የእርሳስ ድብልብል መዳፏ ላይ ወደቀ። እጇን ታጥባ በእፍኟ ቀድታ ለካች፤ ሁለት።

መሣሪያዋን ብድግ አደረገች። «ልጁን መርዝ አጠጪው ብዬ መጣሁ!»

ድልድይ የለም፤ የቀረው መንገድ በማዕድኑ ግቢ ነው። የግቢው ዘበኛ ጠመንጃውን አጋድሞ አስቆማቸው።

«እዚህ ውሃ መለካት ክልክል ነው። መሣሪያውን አስቀምጪና እለፊ።»

«አንቺ ልጅ፣ የሦስት ዓመት ልፋትሽ እኮ ነው!» አሉ አጎቷ። ከዘበኛው እግር ሥር ጣለችውና ሮጠች።

እህቷ በሩ ላይ ነበረች።

«መጣሽልኝ? ያልሽኝን አላጎደልኩም። ከግራው፣ ሦስት ኩባያ።»

አጎቷ ሊናገሩ ሲሉ ኬሚስቷ ቀደመቻቸው።

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። አቀዳዱን ቆሜ ማየት ነበረብኝ። የቀኙ ነው ንጹሕ።»

ኬሚስቷ ጄሪካኑን አንሥታ ወደ ቀኙ ጅረት ስትዞር፣ ልጁ ከአልጋው ሆኖ ባዶውን ኩባያ አሳያት።

«አክስቴ፣ ይመራል፤ ግን አንቺ ስላልሽ ሁሉንም ጨረስኩት።»