ጎደሬውን ማን ይላጠው?

«አጥንቱ ከገጠመ ታዲያ ለምን አይታጠፍም?» አለች ሐሴት።

«አንቺ ልጅ!» አባቷ ታምሩ ላብ በላብ ሆኖ ተቆጣት። ቀኝ ክንዱን ፊዚዮቴራፒስቷ ሜሪ ይዛ ቀስ እያለች ታጥፈዋለች። «ሲስተርን ሥራ አታስፈቻት።»

«ይተዉአት ጋሽ ታምሩ፤ ጥያቄ ደስ ይለኛል።»

ደስ ባይላትስ ምን ታደርጋለች! ሐሴት ከገባች ጀምሮ አፏ አላረፈም። ይሄ ትልቅ ኳስ ለምንድን ነው? ግድግዳው ላይ ያለው መሰላል የት ያደርሳል? እሷ እኮ ሆስፒታል ማለት መርፌና ክኒን ብቻ ይመስላት ነበር። ይህ ክፍል ግን ሽማግሌ ኳስ የሚጫወትበት፣ ትልልቅ ሰው እንደ ሕፃን ዳዴ የሚልበት ጉደኛ ክፍል ነው።

«እስቲ ነይ» አለቻት ሜሪ። «ክንድሽን በሌላው እጅሽ ያዥው። አሁን ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ።»

ከቆዳዋ ሥር የሆነ ነገር ሽው ሽው ሲል ተሰማት። «ወይኔ! ጣቴን የሚጎትተው ከዚህ ነው እንዴ?»

«ከዚያ ነው። ጄሶ ውስጥ ሲከርም ጡንቻው ይሰንፋል፣ መገጣጠሚያውም ይደርቃል። ቶሎ ካላሠሩት እንደደረቀ ይቀራል።» ሜሪ ወደ ታምሩ ዞረች። «ባለፈው ከመጡበት ምንም ለውጥ የለውም። ቤት ይሠሩታል?»

«እንዴታ! ጠዋት ማታ።»

ዓይን ያወጣ ውሸት! ሐሴት መሬት መሬቱን አየች። ታምሩ ንብ አርቢ ነው። ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ወጥቶ ከወደቀ ወዲህ ቤታቸው ጠያቂ ተለይቶት አያውቅም። ያገሩ ሰው ደግሞ በሽተኛ ሊጠይቅ መጥቶ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ያጎርሳል፣ ያጠጣል፣ ትራስ ያስተካክላል። ታምሩም እየተንቀጠቀጠ በሰው ፊት ከሚታይ መጉረሱን መረጠ። እጁ እንዲህ ከቀረ ግን ዛፍ መውጣት አከተመ፣ ማር መቁረጥም ቀረ። ያለ ጫካው አባቷ ምን ይሆናል? ይህን ስታስብ ሐሴት ፈራች።

«አይሠራም፣ ሲስተር» አለች ድንገት። «ሁሉም ሰው ያጎርሰዋል።»

የታምሩ ፊት ቲማቲም መሰለ። ሜሪ ግን አልተቆጣችም፤ ትንሽ አሰበችና «ቤት ምን ትበላላችሁ?» አለች።

«ብዙውን ጊዜ ጎደሬ።»

«በቃ! ከነልጣጩ ተቀቅሎ ይቅረብላቸውና ራሳቸው ይላጡት። መያዝ አለው፣ መጫን አለው፣ ወደ አፍ ማድረስ አለው። እኔም ከዚህ የተሻለ ስፖርት የለኝም።»

ባጃጅ ውስጥ ታምሩ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ተቀመጠ። «በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለ።

ቤት ሲደርሱ እናቷ ገበያ ስለነበረች ጎደሬውን የጣደችው ሐሴት ራሷ ናት። ሲበስል አክስቷ በየነች ከጸሎት ቤት ሰዎች ጋር ከተፍ አለች። ተጸለየ፣ «አሜን» ተባለ። በየነች ወዲያው እጇን ታጥባ ጎደሬውን ልትልጥ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች።

«አክስቴ፣ ሲስተር ራሱ ይላጥ ብላለች።»

«ምን?» በየነች ክው አለች። «እኔ እህቱ ቁጭ ብዬ? ሰው የለውም እንዴ! ምን ይሉናል?»

ሰዎቹ ተያዩ። ሐሴት ሳህኑን ካክስቷ ፊት አነሳችና አባቷ ፊት አስቀመጠችው። ታምሩ ልጁን በቁጣ አያት። ከዚያ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ቀኝ እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ ተንቀጠቀጡ፤ ጎደሬው ሙልጭ ብሎ አመለጠውና አግዳሚው ሥር ገባ።

«ውይ የኔ ጌታ!» አለች አንዷ ሴትዮ ደረቷን ይዛ።

በየነች ብድግ አለች። «አንቺ ልጅ፣ አንጀት የለሽም?»

አላት እንጂ! አንጀቷ እርር ብሎ ነው የቆመችው። አንዱን ልጣ ብታጎርሰው ሁሉም ሰው ይመርቃት ነበር። እሷ ግን ሌላ ጎደሬ አንስታ ከነልጣጩ ቀኝ መዳፉ ውስጥ አኖረችለት።

«ይሄንንም ብጥለውስ?» አላት አባቷ ቀስ ብሎ። አሁን ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም።

«ድስት ሙሉ ቀቅያለሁ፣ አባዬ።»

አጠገቡ ቁጭ አለች። አውራ ጣቱ ልጣጩን እየፈለገ ሲንሸራተት፣ እጆቿ ሮጠው ሊያግዙት እያሉ አስቸገሯት። ሁለቱንም ከጭኗ ሥር ከተተችና ተቀመጠችባቸው።