የአልጋው ሁለተኛ መቀርቀሪያ

ኦቦ ኩምሳ የሞቱት የገዛ አልጋቸው ውጧቸው ነው። ቀን ቁምሳጥን ይመስላል፣ ማታ ሲስቡት ይዘረጋል፤ አምቦ ላይ ሌላ የለም። በ1971 ዓ.ም. መስቀል ሲቃረብ የብረት ሞላው አልጋውን ከነሰውየው አጥፎት፣ ታፍነው ተገኙ።

ያሳደጓት ድንቅቱ «አልጋው እንዳይታጠፍ የሚይዘውን መንጠቆ ማስገባት ረሳሁ፤ እኔ ነኝ የገደልኳቸው» ብላ እጇን ሰጠች። ጉዳዩን የያዘው የፖሊስ መቶ አለቃ ዳዲ ግን ነገር ካልገባው እህል አይዋጥለትም።

«ከዚህ በፊትስ ረስተሽ ታውቂያለሽ?»

«ብዙ ጊዜ፣ ጓድ መቶ አለቃ። ኦቦ ሰው ፊት ሁሉ ይቆጡኝ ነበር።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልታጠፈም?»

የሟቹ የወንድም ልጅ ጉርሙ ፈጥኖ መለሰላት።

«ጣሊያን ትቶት የሄደ አሮጌ እቃ ነው። አንድ ቀን መክዳቱ አይቀርም።»

«ጀርባውን አይተኸው ታውቃለህ?»

«ማን ችሎ ያንቀሳቅሰዋል? ኖራ ስቀባ እንኳ ዙሪያውን ነው የቀባሁት።»

ከቁምሳጥኑ ጎን ስንዝር የምታህል ኖራ ያልነካት ግድግዳ ትታያለች። ዳዲ ማጠፊያው ላይ የተቀረጸውን የፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ምዝገባ፣ ቁጥር ገልብጦ አዲስ አበባ ላለ መምህር ወዳጁ ላከ፤ ወዳጁም ውጭ አገር ጻፈ። ድንቅቱ እስር ቤት ስትመነምን ዳዲ ፖስታ ቤት ይመላለስ ነበር። መልሱ ሳይደርስ እንዳይፈረድባት ፈርቶ ነበር። ኅዳር ላይ የአልጋው አሠራር ሥዕል መጣ።

ድንቅቱን፣ ጉርሙንና ከሸነን የመጡትን የሟች እህት ወርቅቱን አልጋው ያለበት ክፍል ሰበሰባቸው።

«ይህ አልጋ የተመዘገበው ጣሊያን ከወጣ ከዓመታት በኋላ ነው። ከየት መጣ፣ አዴ ወርቅቱ?»

«ወደ አገሩ ከተመለሰ ሚሲዮናዊ ነዋ የተገዛው! ፈታትቶ አምጥቶ የገጠመው ራሱ ጉርሙ!»

«ስለዚህ ጀርባውን ያውቀዋል። በሥዕሉ ላይ ከኋላ ሁለተኛ መቀርቀሪያ አለ፤ ሰው ሲተኛ በክብደቱ ይወርዳል፣ መንጠቆው ቢረሳም አልጋው አይታጠፍም። ይህኛው ላይ የለም። ለማውጣት ቁምሳጥኑን መሳብ ግድ ነው። ጀርባው ላይ ኖራ ተለጥፎ ደርቋል፤ የተሳበው ኖራው እርጥብ ሳለ ነው። ሲመለስም ቦታውን ስቷል። ኖራው በተቀባበት ቀን ኦቦና ድንቅቱ ለጉዲፈቻዋ ዘመድ ሊጠሩ ጎጆ ከተማ ሄደው ነበር። አዴ ወርቅቱ ሸነን ነበሩ። ቤት የቀረኸው አንተ ነህ፣ ጉርሙ። ልጅቷ አንድ ቀን እንደምትረሳ ታውቃለህ፤ የቀረህ መጠበቅ ብቻ ነበር።»

ዳዲ በሥዕሉ ልክ ያሠራውን መቀርቀሪያ ከትቶ፣ መንጠቆውን ሳያስገባ አልጋው ላይ ተጋደመ። ድንቅቱ ጮኸች። አልጋው ንቅንቅ አላለም።

«ቤቱ የአባቴም ነበር፤ ለእሷ ሊያወርሱት ነበር» አለ ጉርሙ፣ መሬት መሬት እያየ።

ድንቅቱ የሰማችው አትመስልም። «እኔ አይደለሁም?»

«አይደለሽም፣ እህቴ» አለ ዳዲ።

ወርቅቱ ነጠላቸውን ዘርግተው እቅፋቸው አስገቧት። «ኮቱ፣ ነይ ልጄ። ለጉዲፈቻሽ ዘመዱን እኔ እጠራዋለሁ።»